አንድ ዓሣ፣ ብዙ ስም፦ በአል-ዓሪዳ ገበያ ስለሚሰሙ የዓሣ ስሞችና በላባ ስለሚሠራው ማታለያ

አል-ዓሪዳ የባሕር ዳርቻ የላትም። በጂዛን ክልል ምሥራቃዊ ክፍል፣ የየመንን ድንበር ተጎራብታ፣ በተራሮች ግርጌ የምትገኝ ናት፤ አካባቢዋ የሚታወቀውም በእርሻና በተራራ ቡና እንጂ በመረብና በጀልባ አይደለም። ይሁን እንጂ ዓሣ ከጠረፉ በበረዶ ተሸፍኖ ወደ ገበያዋ ይወጣል፤ ከዓሣው ጋርም ስሙ አብሮ ይጓዛል። ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። የጂዛን ጠረፍ ሻጭ፣ ከደማም የተዛወረ ገዢ፣ የየመን ትሃማ ተወላጅና ከባሕር ዳር ወይም ከአርባ ምንጭ የመጣ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ በአንድ ሳጥን ፊት ቢቆሙ አንዱን ዓሣ በተለያየ ስም ሊጠሩት፣ ወይም የተለያዩ ዓሣዎችን በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ስሙን የተሳሳተ ገዢ ያልፈለገውን ዓሣ ባልጠበቀው ዋጋ ይዞ ይመለሳል። በአንድ ስም የተነገረ የማጥመድ እገዳ ዓሣውን በሌላ ስም የሚያውቅ ሰው ጆሮ ሳይደርስ ያልፋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ለስሙ የሚጨነቀው ትንንሽ ዓሣዎችን በመምሰል ከላባና ከጠጕር ማጥመጃ የሚያስር ሰው ነው፤ በተለይም እንደ አል-ዓሪዳ ባለ ከተማ ተቀምጦ፣ ባሕሩን በየቀኑ ሳያይ፣ በስም ብቻ ተመርቶ የሚያስር ከሆነ።

“ሑት” እና “ሰመክ”

በመጽሐፍ ዓረብኛ ዓሣ “ሰመክ” ነው። በጂዛንና በየመን ትሃማ ሕዝብ አነጋገር ግን ዓሣ በጥቅሉ “ሑት” ሲባል ይሰማል። በዘመናዊው የጽሕፈት ዓረብኛ “ሑት” የሚለው ቃል ግዙፉን ዓሣ አንበሪ ስለሚያመለክት፣ ቋንቋውን ከትምህርት ቤት ወይም ከቴሌቪዥን የለመደ ሰው ለምሳው “ሑት” ሲቀርብለት መደነቁ አይቀርም። ከቀይ ባሕር እጅግ ርቀው በሚገኙት በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያም ተራው ዓሣ “ሑት” ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ቃሉ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በኢትዮጵያ የኮከብ ቆጠራ ከሐመል ጀምሮ ከሚቆጠሩት ዐሥራ ሁለቱ ከዋክብት የመጨረሻው “ሑት” ሲሆን፣ ምልክቱም ዓሣ ነው። በዚያው ቆጠራ ውስጥ ያለው “ሸርጣን” እንዲሁ በዓረቡ ገበያ “ሰረጣን” ተብሎ ይሸጣል።

ከጥቅሉ ስም ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ልዩነቱ ይሰፋል። በጂዛን “ዲራክ” የሚባለው ረጅም፣ ብርማ፣ ጥርሱ እንደ ምላጭ የተሳለ ዓሣ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ “ከንዓድ” ነው። ከደማም ወይም ከኦማን የመጣ ሰው “ከንዓድ አለ?” ብሎ ቢጠይቅ ሻጩም “የለም” ብሎ ቢመልስ፣ ዓሣው በሁለቱ መካከል ተጋድሞ ሊሆን ይችላል። በሳዑዲ የባሕረ ሰላጤ ዳርቻና በኦማን ይህ ዓሣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ (እ.ኤ.አ. ከኦገስት 15 እስከ ኦክቶበር 15) እንዳይጠመድ የሚታገድበት ወቅት አለ፤ ማስታወቂያው “ከንዓድ” ሲል “ዲራክ” ብቻ የሚያውቅ ሰው ስለየትኛው ዓሣ እንደሚነገር አያስተውልም።

ሌሎችም አሉ። የቀይ ባሕር “ሻዑር” በባሕረ ሰላጤው “ሸዕሪ” ነው፤ የቀይ ባሕር “ሲጃን” በዚያ “ሳፊ” ይባላል። በጂዛን “ዓረቢ” የሚባለው ዓሣ በግብፅ “ቡሪ”፣ በባሕረ ሰላጤው “ቢያሕ” ነው። የታሸገው “ሰርዲን” በአዲስ አበባ ሱቆችም የታወቀ ቢሆንም፣ ትኩሱ ሰርዲን በኦማን ጠረፍ “ዑማ” ተብሎ ይጠራል። እነዚህ ሁሉ አንድ ዓሣ ሁለት ወይም ሦስት ስም የያዘባቸው ናቸው። “ሀሙር” እና “ናጂል” ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ሁለቱ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባላት ቢሆኑም አንድ ዓሣ አይደሉም፤ ሀሙር የባሕረ ሰላጤው ዝነኛ ሲሆን ናጂል የቀይ ባሕር ኮራል ውድ ዓሣ ነው። በሪያድ ምግብ ቤት ሀሙር የለመደ ሰው በጂዛን ናጂል ሲቀርብለት ተታለልሁ ሊል አይገባውም፤ ይልቁን የተሻለ ዓሣ ደርሶት ይሆናል።

ስሙን በላቲን የጻፈው መንገደኛ

የዚህ ጠረፍ የዓሣ ስሞች ከገበያ ወደ ሳይንስ መዝገብ የገቡበት ታሪክ አለ። የዴንማርክ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1761 ወደ ዓረቢያ በላከው የጥናት ቡድን ውስጥ የሊኔየስ ደቀ መዝሙር የነበረው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፔር ፎርስኮል ይገኝ ነበር። ቡድኑ ከጅዳ በጀልባ ተነሥቶ የቀይ ባሕርን ምሥራቃዊ ጠረፍ ይዞ ወደ ደቡብ ከወረደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1762 ማብቂያ ከዛሬዋ ጂዛን በስተደቡብ ባለችው በየመኗ ሉሐያ ወደብ ወረደ። ፎርስኮል በመንገዱ ሁሉ ዓሣዎችን እየሰበሰበ ዓሣ አጥማጆች የሚጠሩበትን የዓረብኛ ስም ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1763 የመን ውስጥ ያሪም በምትባል ከተማ በወባ ሞተ። ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ማስታወሻዎቹን እ.ኤ.አ. በ1775 አሳተመ።

ፎርስኮል ብዙውን ጊዜ አዲስ የላቲን ስም ከመፍጠር ይልቅ የአጥማጁን ቃል ወስዶ የዝርያ ስም አደረገው። የፈረሳን ደሴቶች መለያ የሆነው “ሐሪድ” ዛሬም በዓለም ሁሉ የሳይንስ መጻሕፍት “ሐሪድ” ተብሎ ነው የሚጻፈው። ይህ ዓሣ በየዓመቱ በጸደይ ወራት በፈረሳን ጥልቀት በሌለው ዳርቻ በመንጋ ይሰበሰባል፤ የደሴቶቹ ሕዝብም የሐሪድ በዓልን በዚያ ወቅት ያከብራል።

ከፎርስኮል መዝገብ አንባቢን ይበልጥ የሚያስገርመው “ባያድ” ነው። ቃሉ በዓረብኛ ከነጭነት ጋር የተያያዘ ነው። በቀይ ባሕር “ባያድ” ጠፍጣፋ ጎን ያለው፣ በኮራል ዳርቻ በፍጥነት የሚያድን ብርማ ዓሣ ነው። በዓባይ ወንዝ በግብፅና በሱዳን ግን “ባያድ” ሪዝ ያለው፣ ቅርፊት የሌለው፣ በውኃው ወለል ላይ የሚኖር የአምባዛ ዓይነት ዓሣ ነው። ፎርስኮል ግብፅንም ዓረቢያንም ያየ ሰው በመሆኑ ሁለቱንም ከየአጥማጆቻቸው ሰማ፤ ሁለቱንም መዘገበ። ስለዚህ አንዱ የጨው ውኃ፣ ሌላው የጣፋጭ ውኃ የሆኑ፣ በመልክም በጠባይም የማይገናኙ ሁለት ዓሣዎች እስከ ዛሬ “ባጃድ” የሚል አንድ የዝርያ ስም ተሸክመው ይኖራሉ።

በሐይቆቻችንም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአርባ ምንጭ፣ በጫሞ ሐይቅ ዳርቻ፣ “ነጭ ዓሣ” ሲባል ትልቁ ናይል ፐርች ነው። በጣና ዙሪያ ግን “ነጭ ዓሣ” የሚባለው ቢልጫን የመሰለው የሐይቁ ዓሣ ወገን ነው፤ ናይል ፐርች በጣና የለም። “ባያድ” እና “ነጭ ዓሣ” በሁለት ቋንቋ አንድ ዓይነት ነገር ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል፤ ሕዝብ ዓሣን የሚሰይመው በቅድሚያ ዓይኑ በሚያየው ቀለም ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የሁለቱን ውኃዎች ስም በአንድ እጁ የጻፈ ሰው ነው። ከምጽዋና ከቀይ ባሕር የሰበሰባቸውን ዓሣዎች ገለጸ፤ ከጣናም “በሶ” የሚለውን የአካባቢ ስም ወስዶ ለአንድ ዝርያ ሰጠ። ከቀይ ባሕር ዓሣዎቹ አንዷ ትንሽ፣ ቀጭን፣ በጎኗ ላይ የብር መስመር ያላት ስትሆን፣ ሩፔል በፎርስኮል ስም ሰየማት። በየዳርቻው በመንጋ የምትንቀሳቀሰው ይህች ዓሣ ለትልልቆቹ ሁሉ ምግብ ናት፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ማታለያም እርሷንና መሰሎቿን ለመምሰል የሚታሰር ነው።

ከላባ የሚታሰረው ዓሣ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ማታለያ “ዝንብ” ይሉታል። ስሙ ከጥንት የመጣ ነው፤ ሮማዊው ጸሐፊ ኤልያን እ.ኤ.አ. 200 አካባቢ ስለ መቄዶንያ አጥማጆች ሲጽፍ፣ በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመውና የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረው በወንዝ ላይ የሚበርር ነፍሳትን ይመስሉ እንደነበር ገልጿል። በጨው ባሕር ግን የሚታሰረው ነፍሳት ሳይሆን ትንሽ ዓሣ ነው። ዓሣ ሆኖ ሳለ “ዝንብ” መባሉ የስም ግራ መጋባት የገበያው ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ “የላባ ዓሣ” ይባላል።

በዓለም ላይ በስፋት የሚታሰሩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያውን፣ “አታላዩ” በሚል ትርጉም የሚታወቀውን፣ አሜሪካዊው ሌፍቲ ክሬ በ1950ዎቹ መጨረሻ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሠራው፤ የአሜሪካ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ቴምብር እስኪያወጣለት ድረስ ዝነኛ ሆነ። ሁለተኛው ቦብ ክላውዘር በ1980ዎቹ በፔንስልቬንያ ያዘጋጀው፣ ከብረት የተሠሩ ዓይኖች ያሉት ነው።

“አታላዩን” ለማሰር መንጠቆው በትንሽ ሞርሳ ይያዛል። ክሩ ከመንጠቆው ዓይን ጀምሮ እስከ መታጠፊያው መነሻ ድረስ ተጠጋግቶ ይጠመጠማል፤ ይህ መሠረት ካልጠበቀ በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ይሽከረከራል። ከዚያ ስድስት ወይም ስምንት ረጃጅም የአውራ ዶሮ ላባዎች ተመርጠው በሁለት እኩል ይከፈላሉ። የአንዱ ወገን ጉብታ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ፣ ሆዳቸው ለሆድ ተገጥሞ በመንጠቆው የኋላ ጫፍ ላይ ይታሰራሉ። ወደ ፊት ቢታሰሩ በሚወረወሩበት ጊዜ በመንጠቆው ላይ ይጠመጠማሉ፤ የተጠመጠመ ላባ ደግሞ የሚዋኝ ዓሣ ሳይሆን የቆሰለ ጨርቅ ይመስላል። ጥቂት የሚያብለጨልጩ ክሮች በየጎኑ ይጨመራሉ። በመጨረሻ ከመንጠቆው ዓይን ጀርባ ዙሪያውን ጠጕር ታስሮ የላባውን ሥር ይሸፍናል፤ ይህ ጠጕር ከፊት ወፈር፣ ከኋላ ቀጠን ያለ የዓሣ ቅርጽ ይሰጣል። አሜሪካውያን የአጋዘን ጅራት ይጠቀማሉ። ረዘም ያለ የፍየል ጠጕርም ሥራውን ይሠራል፤ ውኃ ውስጥ ለስላሳ ስለሆነ እንዲያውም የተሻለ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም እንኳ ቶሎ ቢያልቅ። ጭንቅላቱ በክር ይሞላል፣ ዓይን ይሣልበታል ወይም ይለጠፍበታል፣ በኢፖክሲ ወይም በጥሩ ኮላ ይታሸጋል።

ክላውዘር ያዘጋጀው ደግሞ ሁለት የብረት እንክብሎች በአንድ ዘንግ የተያያዙበት ዓይን አለው። ይህ ዓይን ከመንጠቆው ዓይን ትንሽ ራቅ ብሎ በላዩ ላይ በመስቀልያ ክር ይታሰራል። ክብደቱ መንጠቆውን ውኃ ውስጥ ስለሚገለብጠው ጫፉ ወደ ላይ ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት በኮራልና በድንጋይ የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል። ለቀይ ባሕር ዳርቻ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነጩ ጠጕር ለሆዱ፣ ጠቆር ያለው ለጀርባው ይታሰራል፤ ገመዱ ሲጎተት ይነሣል፣ ሲቆም አፍንጫውን ደፍቶ ይሰምጣል። ትልልቅ ዓሣዎች ብዙ ጊዜ የሚነክሱት በሚሰምጥበት ቅጽበት ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ጠጕር ማብዛት ነው። የታሰረው ነገር በእጅ ላይ ቆንጆና ሙሉ ሲመስል ውኃ ውስጥ ግን እንደ ብሩሽ ይሆናል። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ስስ፣ ጥቂት ጠጕር ያለው ይሻላል። የማንኛውም ትንሽ ዓሣ አሳሳች ምልክት ሦስት ነገር ነው፦ ጠቆር ያለ ጀርባ፣ ብርማ ሆድ፣ ጎላ ያለ ዓይን። ከዚህ በላይ የሚጨመረው በአብዛኛው የሠሪውን ልብ ለማስደሰት ነው።

ስሙ የሚያስተውበት ቦታ

በአል-ዓሪዳ ተቀምጦ ለዓርብ የዕረፍት ቀን የላባ ዓሣ የሚያስር ሰው “ጂዛን ላይ ባያድ አለ” ቢባልና “ባያድ”ን በዓባይ ትርጉሙ ቢረዳ፣ በወለል ላይ ለሚኖር ሪዛም ዓሣ ይዘጋጃል፤ በቦታው የሚያገኘው ግን ብርማው ፈጣን አዳኝ ነው። ለዚያኛው የሚያስፈልገው “አታላዩ”፣ በፍጥነትና በተከታታይ የሚጎተት ነው። “ዲራክ” ከሆነ ደግሞ የናይለን ገመድ በጥርሱ እንደ ክር ይቆረጣልና በመንጠቆው አጠገብ አጭር የብረት ሽቦ ያስፈልጋል፤ ይህን ዓሣ በ“ከንዓድ”ነቱ ብቻ የሚያውቅ ሰው “ዲራክ” ሲባል ሽቦውን ሳይዝ ቢሄድ የመጀመሪያውን ማታለያ ያለ ጥርጥር ያጣል። “ሻዑር” ከወለል አጠገብ ቀንድ አውጣና ሸርጣን የሚፈልግ ስለሆነ ክላውዘር ያዘጋጀው ከባድ ዓይን ይስማማዋል።

በአንጻሩ የጂዛን ኩራት የሆነው ሐሪድ የላባ ዓሣን አያይም ማለት ይቻላል። መንቆር በመሰለ አፉ ከድንጋይና ከኮራል ላይ ዐልጋ የሚፍቅ ዓሣ ትንሽ ዓሣ ተከትሎ አይሮጥም። በፈረሳን በመረብ መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም። “ዓረቢ”ም እንዲሁ ከደለል የሚለቅም ሲሆን፣ ግልገሉ ራሱ ለሌሎች መኖ ነው። ወፍራም፣ ክብ፣ ግራጫ ጀርባና ጠፍጣፋ ራስ ያለው የላባ ዓሣ የሚታሰረው እርሱን ለመምሰል ነው። ሰርዲን ሆዱ ሰፋ፣ ጀርባው ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። በፎርስኮል ስም የተሰየመችው ትንሽ ዓሣ ቀጭንና ብርሃን የምታሳልፍ በመሆኗ ሁለት ወይም ሦስት ላባ ይበቃታል።

ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሠራተኛ ሙያውን ይዞ ቢሄድ ሥራ አይፈታም። በጣና ከሚገኙት ከ15 የማያንሱ የዚያው ትልቅ የቢልጫ ወገን ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ የጫሞው ናይል ፐርችም እንዲሁ። ቆሮሶ ግን በዋናነት ዕፅዋት በል ስለሆነ ከሐሪድ ጋር የሚመደብ ነው።

ለማጥመድ የሚወጣ ሰው በሳዑዲ ዓረቢያ በጀልባ ወደ ባሕር ለመሄድ የድንበር ጥበቃ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ማወቅ አለበት። የዓሣ ሀብት ደንቦችን የሚያወጣው የአካባቢ፣ የውኃና የግብርና ሚኒስቴር ነው። ሌላው ጥንቃቄ በሕይወት የሚያዝ ነው፦ ሲነካ እንደ ኳስ የሚነፋው ዓሣ በመቀቀልም በመጥበስም የማይጠፋ መርዝ አለው። በድንጋይ መስሎ በወለል የሚተኛው፣ ጀርባው እሾኻማ ዓሣም ሲረገጥ ከባድ ሥቃይ ያስከትላል፤ በጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በባዶ እግር መራመድ አይገባም። ስሙ ያልታወቀ ዓሣ፣ ሻጩ ወይም የአካባቢው ሰው ሳያየው፣ ወደ ድስት አይገባም። የተጠቀሙበት መንጠቆም በዕለቱ በጣፋጭ ውኃ ታጥቦ ካልደረቀ ጨው ይበላዋል።

ባሕሩን ለማያይ ሠሪ ከስም ይልቅ የሚታመን ምንጭ በገበያው ውስጥ አለ። ዓሣ የሚያጸዳው ሰው የዲራክን ወይም የባያድን ሆድ ሲሰነጥቅ በሆዱ የሚገኘው ትንሽ ዓሣ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ጀርባው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ቀጭን ይሁን ሰፊ በዓይን ይታያል። ብዙዎቹ አጽጂዎች እያጸዱ ሳሉ “ኤሽ ያኩል?” (ምን ይበላል?) ተብለው ቢጠየቁ በፈገግታ ያሳያሉ። ያየውን በጣቱ ለክቶ ወደ ሞርሳው የሚመለስ ሰው ዓሣው በጂዛን፣ በደማም ወይም በካይሮ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሳያውቅም ትክክለኛውን ያስራል።